የአሮጌ ማንኪያ ዕድሜ፤ በቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካ ስለ ነበረው የፒውተር ገበታ ዕቃ

(በማኅበራችን የምሽት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የዚህ ምሽት ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ፤ «የታሪክ ተማሪዎች ነገሥታቱን ትተው ማንኪያ መቍጠር ጀመሩ» ተብሎ እንደ ተሣቀ ደርሶናል። ሣቁ አላስቀየመንም። ማንኪያ መቍጠር በእርግጥ ጀምረናል፤ ምክንያታችንንም ለማስረዳት ነው ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው።

በየክርክሩ ላይ ደጋግማችሁ የምታነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ራሱ ያልጻፈ፣ ሌላም ያልጻፈለት ሰው ታሪኩ በምን ይታወቃል? የሚል ነው። ለዚህ በደፈናው መልስ መስጠት ቀላል ነው፤ በአንድ በተወሰነ ነገር ላይ ሠርቶ ማሳየት ግን ይከብዳል። ስለዚህ ጠባብ ነገር መረጥን። እርሱም እንግሊዞች በቨርጂኒያ በጄምስታውን ከሰፈሩበት ከ1607 ጀምሮ አሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች ነጻነታቸውን እስካወጁበት እስከ 1776 ድረስ ሰዎች ይበሉበት የነበረው የፒውተር ማንኪያና ሳህን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

ፒውተር ለብቻው ከምድር የሚወጣ ማዕድን አይደለም፤ ቅይጥ ነው። ዋናው ክፍሉ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ስንል ግን የቤት ክዳን የሚሆነውን፣ በዚንክ የተለበጠውን ብረት ማለታችን አይደለም፤ ፈረንጆች ቲን የሚሉትን እውነተኛውን ነጭ ማዕድን ነው። ይህ ለብቻው ሲሆን ልል ስለሆነ ጥቂት መዳብ፣ ወይም ቢስሙት፣ ወይም አንቲሞኒ ይጨመርበታል። በርካሹ ዓይነት ውስጥ ደግሞ እርሳስ ይገባል። ቆርቆሮ የሚቀልጠው በ232 ዲግሪ፣ እርሳስ በ327 ዲግሪ ነው፤ ሁለቱ ከመቶ 62 ቆርቆሮ፣ ከመቶ 38 እርሳስ ሆነው ሲደባለቁ ግን በ183 ዲግሪ ይቀልጣሉ። ይህ ቍጥር ከሁለቱም ያነሰ መሆኑን ልብ በሉልን። የማድ ቤት እሳት ይበቃዋል ማለት ነው። ስለዚህ የራሱ ሱቅ የሌለው ተዟዋሪ ባለሙያ፣ ሁለት ግማሽ ያለው የነሐስ ማፍሰሻ ቅርጽ በከረጢቱ ይዞ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል፤ የቤቲቱን እመቤት ስብርባሪ ማንኪያ በብረት ጭልፋ ያቀልጥና ወዲያው አዲስ ማንኪያ አድርጎ ይሰጣታል።

የችግራችን መነሻ ይኸው ነው። የፒውተር ማንኪያ ቀጭን ነው፤ አንገቱ ላይ ይጣመማል፣ ይሰበራል። ሲሰበርም አይጣልም፤ ይቀልጣል። ሳህኑ ብዙ ዓመት በቢላዋ ተቧጥጦ ሲሳሳ ለባለሙያው ተመልሶ በአዲስ ይለወጣል። በዘመኑ በተጻፉት የሟቾች ንብረት መዛግብት ውስጥ ፒውተር ብዙ ጊዜ በዕቃው ስም ሳይሆን «ይህን ያህል ፓውንድ አሮጌ ፒውተር» ተብሎ በክብደቱ የተመዘገበው ስለዚህ ነው። ዕቃው ገንዘብ ነበረ፤ ገንዘብም እንደ ሆነ ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ እያለ መልኩን ለወጠ።

በዚህ ላይ የእንግሊዝ ሕግ አለ። የቆርቆሮው ማዕድን ይወጣ የነበረው በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ነው። ያልተሠራው ቆርቆሮ ወደ ቅኝ ግዛቶቹ ሲላክ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ ተሠርቶ ያለቀው ፒውተር ግን ያለ ቀረጥ ይገባል። የለንደኑ ባለሙያ ገበያ እንዳያጣ፣ የቦስተኑና የፊላዴልፊያው ባለሙያ ጥሬ ዕቃ እንዲያጣ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አይገኝም። የአሜሪካው ባለሙያ ይሠራ የነበረው አብዛኛውን ጊዜ ከአሮጌ ዕቃ ነው፤ ብዙዎቹም በዚያው ሱቃቸው ከእንግሊዝ የመጣውን ይቸረችሩ ነበር። (የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ ስለ መግዛት በሚከራከሩበት ጊዜ ይህን ምሳሌ ያለ ኪራይ እናበድራቸዋለን።)

ከዚህ ሁሉ መቅለጥ ያመለጠ አንድ ስባሪ አለ። በ1930ዎቹ በጄምስታውን በተደረገው ቍፋሮ የአንድ ማንኪያ እጀታ ተገኘ። በጫፉ ላይ በተመታው ማኅተም ውስጥ ጆሴፍ ኮፕላንድ የሚል ስም፣ ቸካታክ የሚል የቨርጂኒያ መንደር ስም፣ 1675 የሚል ዓመት ተጽፎበታል። አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩትና ዓመት ከተጻፈባቸው የፒውተር ዕቃዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ የሚታወቀው ይህ ነው። ባለቤቱ ሰብሮት አፈር ውስጥ ባይጠፋ ኖሮ እርሱም ቀልጦ ሌላ ማንኪያ ይሆን ነበር።

እንግዲህ ይህ ማንኪያ በ1675 ተሠራ ልንል እንችላለን? አንችልም። በእንግሊዞች ልማድ በማኅተም ውስጥ የሚገባው ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ባለሙያው ሥራ የጀመረበት ወይም ማኅተሙን ያስቀረጸበት ነው። ያው ማኅተም ከዚያ በኋላ 10 ዓመትም 20 ዓመትም ሊመታ ይችላል። ስለዚህ «ከ1675 ወዲህ» እንላለን እንጂ «በ1675» አንልም። ይህ ልዩነት ለኛ አገር ሰው እንግዳ መሆን አይገባውም። በአያቶቻችን እጅ የነበረው የማሪያ ቴሬዛ ብር 1780 ይላል። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ብሩ ግን በ19ኛውም በ20ኛውም ምዕተ ዓመት ያ ዓመት ሳይለወጥበት ሲመታ ኖሯል። በአንድ ማሰሮ ውስጥ የማሪያ ቴሬዛ ብር ያገኘ ሰው ማሰሮው የተቀበረው በ1780 ነው ቢል ገበሬውም ይሥቅበታል።

ፒውተርም የራሱ ማሪያ ቴሬዛ አለው። በእንግሊዝ በንጉሥ ዊልያም ሦስተኛ ዘመን፣ ከ1700 ገደማ ጀምሮ፣ በመጠጥ መለኪያዎች ላይ ልካቸው መረጋገጡን የሚያሳይ ዘውድ፣ ከሥሩም ደብልዩና አር የተባሉት የንጉሡ ፊደላት እንዲመቱ ሆነ። ንጉሡ በ1702 ሞተ፤ ማኅተሙ ግን ከእርሱ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመታ ቆየ። ዘውዱን አይቶ «የንጉሥ ዊልያም ዘመን ዕቃ ነው» ብሎ የሸጠና የገዛ ስንት እንደ ሆነ እግዚአብሔር ይወቀው።

አሁን ወደ ማንኪያው ቅርጽ እንለፍ፤ ከሁሉ የወደድነው ክፍል ይህ ስለሆነ ጥቂት ብናስረዝም ታገሡን።

በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የነበረው ማንኪያ ጎድጓዳው ክፍል ክብ ነው ለማለት ይቻላል፤ ወይም እንደ በለስ ፍሬ ወደ እጀታው በኩል ይጠባል። እጀታው ቀጭንና ስድስት ማዕዘን ያለው ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ አንዳንዴ የማኅተም ቅርጽ ወይም የሐዋርያ ምስል ይቀመጥበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ጌጥ ሳይኖረው በሰያፍ ተቈርጦ ያልቃል። ወደ ምዕተ ዓመቱ አጋማሽ እጀታው ጠፍጣፋና ያለ ጌጥ ሆነ፤ ሰብሳቢዎች የፒዩሪታን ማንኪያ ይሉታል። ከ1660 ገደማ በኋላ ትሪፊድ የሚባለው መጣ። የዚህ እጀታ ጫፉ ሰፋ ይልና በሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ሦስት ቅጠል ይመስላል፤ የኮፕላንድ ማንኪያ ከዚህ ወገን ነው። ጎድጓዳው ክፍልም ከክብነት ወደ እንቍላል ቅርጽ ረዘመ። ከጀርባው፣ ከእጀታው ሥር ተነሥቶ እየቀጠነ የሚሄድ ሸንተረር ይታያል፤ ስሙም የአይጥ ጅራት ነው። ጅራቱ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ማንኪያው የሚሰበረው እዚያው አንገቱ ላይ ስለሆነ ድጋፍ ነው። በ1700 ገደማ ስንጥቁ ጠፍቶ ጫፉ እንደ ሞገድ ሆነ፤ ይህን ደግሞ የውሻ አፍንጫ ይሉታል። (ለስም አወጣጥ እንግሊዞች ከእንስሳት አይርቁም።) ከ1710ዎቹ ጀምሮ ጫፉ ክብ ሆኖ ወደ ላይ ቀና አለ፤ የሐኖቨር ዓይነት የሚባለው ነው። ከ1760 ገደማ ወዲህ ደግሞ ያው ክብ ጫፍ ወደ ታች ጐበጠ። የአይጥ ጅራቱም በመካከሉ አጥሮ ትንሽ ጠብታ መሰለ፤ አንዳንድ ጊዜም በምትኩ የዛጎል ቅርጽ ይታያል።

ጫፉ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የሚለው ነገር የማይረባ ይመስላል። ነገር ግን ቀድሞ ማንኪያ በገበታ ላይ የሚቀመጠው ተደፍቶ ነበር፤ ስለዚህ ጌጡና የባለቤቱ ስም ፊደላት የሚገኙት በጀርባው ነው። ኋላ ተንጋሎ መቀመጥ ሲጀምር ፊደላቱም ወደ ፊት ዞሩ። ከአንድ ስባሪ እጀታ ተነሥቶ ገበታው እንዴት ይዘረጋ እንደ ነበረ ማወቅ ይቻላል ማለት ነው።

ነገሥታቱን ትታችኋል ላላችሁን ደግሞ እነሆ፤ ነገሥታቱም በማንኪያው ላይ አሉ። ዊልያምና ሜሪ አብረው በነገሡበት ከ1689 እስከ 1694፣ ንግሥት አን በነገሠችበት ከ1702 እስከ 1714፣ ኋላም ጆርጅ ሦስተኛ በ1761 ሻርሎትን አግብቶ ዘውድ በጫነ ጊዜ፣ ምስላቸው በእጀታው ጫፍ ላይ ያለ የፒውተር ማንኪያ ይፈስ ነበር። ብር ለመግዛት ያልቻለ ሰው ለንጉሡ ያለውን ታማኝነት በቆርቆሮ ይገልጽ ነበር። ታማኝነቱ ግን ሁልጊዜ አልዘለቀም፤ በጁላይ 9 ቀን 1776 የኒው ዮርክ ሕዝብ ከእርሳስ የተሠራውን የዚሁን የጆርጅ ሦስተኛን ሐውልት ጥሎ ሰባበረው፤ ከስብርባሪው አብዛኛው ወደ ኮነቲከት ተወስዶ 42,088 ጥይት እንደ ወጣው ተመዝግቧል።

ከላይ የጠራናቸው ዓመቶች ግን ከለንደን ፋሽን፣ ይልቁንም ከብር ማንኪያ የተወሰዱ ናቸው። የብር አንጥረኛ ፋሽን ሲለወጥ መዶሻውን አንሥቶ አዲሱን ቅርጽ ይቀጠቅጣል። ፒውተር ሠሪ ግን ሌላ የነሐስ ቅርጽ ካልገዛ ወይም ካላስቀረጸ ምንም ማድረግ አይችልም፤ ነሐስ ውድ ነው፤ በቅኝ ግዛት ደግሞ ይበልጥ ውድ ነው። ስለዚህ ቅርጹ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር ይተላለፋል። በኮነቲከት የነበሩት እንደ ዳንፎርዝና ቦርድማን ያሉት ቤተ ሰቦች ሥራውን ለብዙ ትውልድ ይዘው ቆይተዋል። በለንደን የተረሳ ማንኪያ በአሜሪካ ገጠር 30 ዓመት ቆይቶ ሊፈስ ይችል ነበር። ስለዚህ የቅርጽ ምስክርነት «ከዚህ ወዲህ» ለማለት ይጠቅማል፤ «እስከዚህ» ለማለት ግን አይበቃም።

ማኅተምስ? በለንደን የፒውተር ሠሪዎች ማኅበር ነበረ፤ የመጀመሪያ ደንቡ የወጣው በ1348 ነው። እያንዳንዱ ጌታ ማኅተሙን በማኅበሩ አዳራሽ በተቀመጠ ሰሌዳ ላይ መትቶ ያስመዘግብ ነበር። ያ አዳራሽ በ1666 በለንደን ታላቅ ቃጠሎ ተቃጠለ፤ የቀድሞዎቹ ሰሌዳዎችም አብረው ጠፉ። ዛሬ ያሉት አምስት ሰሌዳዎች ከቃጠሎው ወዲህ የተጀመሩ ናቸው። በአሜሪካ ግን እንዲህ ያለ ሰሌዳ አልነበረም። እዚያ የማኅተሙን ባለቤት ለማወቅ የጋዜጣ ማስታወቂያ፣ ኑዛዜ፣ የግብር መዝገብ መበርበር ያስፈልጋል። ሌድሊ ላፍሊን የተባለ ሰው ይህን ሥራ በ1940 በሁለት መጽሐፍ፣ በ1971 ደግሞ በሦስተኛ መጽሐፍ አሳትሞታል፤ ከእርሱ ወዲህ የመጣ ሁሉ የሚነሣው ከእርሱ ነው።

በማኅተም ረገድ ሦስት ማሰናከያዎች አሉ። «ለንደን» የሚል ቃል በዕቃው ላይ ስለ ተገኘ ዕቃው የለንደን ነው ማለት አይደለም፤ ደንበኛ የውጭ ዕቃ ስለሚመርጥ የአሜሪካው ባለሙያም ይህንኑ ቃል ይመታ ነበር። (ይህ ጠባይ በአሜሪካ ብቻ የቀረ አይመስለንም።) ከማኅተሙ አጠገብ በተርታ የሚታዩት አራት ትናንሽ ምልክቶችም የብር ማኅተም አስመስለው የተሠሩ ናቸው፤ በብር ላይ አንዱ ፊደል ዓመቱን ያመለክታል፤ በፒውተር ላይ ግን ምንም አያመለክትም። ሦስተኛው በሳህን ጠርዝ ላይ የሚታዩት ሦስት ፊደላት ናቸው፤ እነዚህ የባለቤቶቹ እንጂ የሠሪው አይደሉም። ላይኛው የቤተ ሰቡ ስም፣ ታችኞቹ ሁለቱ የባልና የሚስት ስም መጀመሪያ ናቸው። እነርሱን ይዞ የጋብቻ መዝገብ የገለጠ ሰው አንዳንዴ ከማናቸውም ማኅተም የበለጠ እርግጠኛ ዓመት ያገኛል። ከነጻነት በኋላስ ነገሩ ቀላል ነው፤ አንበሳውና ዘውድ ያለበት ጽጌረዳ ወርዶ ንስር ይወጣል።

ስለ ሳህኖቹ በአጭሩ እንናገራለን። በ17ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጠርዛቸው በጣም ሰፊ ነበረ፤ ወደ መጨረሻው ጠርዙ ጠቦ ብዙ መስመር ተቀረጸበት፤ በ18ኛው ምዕተ ዓመት አንድ መስመር ብቻ ቀረ። ደኅና ሳህን ከፈሰሰ በኋላ በቶርኖ ይላጋል፤ ጎድጎድ የሚለው ክፍሉም እንዲጠነክር በመዶሻ ይመታል፤ የመዶሻው ምት በተርታ ይታያል። የመጠጥ ማሰሮዎች ክዳን ቀድሞ ጠፍጣፋ፣ ኋላ ጕልላት ያለው ነው።

የቅኝ ግዛት ያልሆነውን መለየት ከሁሉ ይቀላል። ከ1770 ገደማ ጀምሮ በሼፊልድ ብሪታኒያ ሜታል የሚባል፣ እርሳስ የሌለበት፣ አንቲሞኒ ያለበት ቅይጥ ተፈጠረ፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ይህ በስሱ ተዳምጦ በፋብሪካ ይሠራ ጀመር። ከሥሩ የካታሎግ ቍጥር ካለ ፋብሪካ ነው። «እንግላንድ» የሚል የአገር ስም ካለበት፣ አሜሪካ በ1890 ወደ አገርዋ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የመጣበት አገር ይጻፍበት ብላ ሕግ ካወጣች ወዲህ መሆኑ ነው። «ፒውተር» የሚል ቃል ራሱ ከተጻፈበት ደግሞ በ20ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራ መሆኑን መገመት ነው፤ የቀድሞ ሰው በምን ዕቃ እንደሚበላ ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም ነበር።

አስመስለው የሚሠሩም አሉ። አሮጌውን ዕቃ በአሸዋ ቅርጽ ወስደው ሲያፈሱት ማኅተሙም አብሮ ይፈሳል፤ የተመታ ማኅተም ጠርዙ ስለታም ነው፤ የፈሰሰ ግን ደነዝ ነው። መበላትም ይመሰክራል። በቀኝ እጁ የሚበላ ሰው ማንኪያ ከጊዜ ብዛት በግራ ጫፉ በኩል ይበላል። አስመሳዩ ሁለቱንም ጎን እኩል ሞርዶ ይገኛል።

እስካሁን የተናገርነው ዕቃውን በእጅ ይዞ ስለ መመርመር ነው። እኛ ግን ከዕቃው ይልቅ አፈሩን እናምናለን።

ማንኪያ የሚገኘው በብዛት ከተደፈነ የውሃ ጕድጓድ፣ ከመጸዳጃ ጕድጓድ፣ ከቆሻሻ መጣያ ነው። ከእርሱ ጋር የሸክላ ገል አለ፤ የትምባሆ ጋያ ስባሪም አለ። የእንግሊዞች የሸክላ ጋያ ዘንጉ እየረዘመ በሄደ መጠን ቀዳዳው እየጠበበ ሄደ። ሐሪንግተን የተባለው ሊቅ በ1954 ይህን ለካ፤ ከ1590 እስከ 1620 የነበረው ቀዳዳ የኢንች 64ኛ ዘጠኝ እጅ፣ ከ1750 እስከ 1800 የነበረው አራት እጅ ሆኖ አገኘው። ቢንፎርድ ደግሞ ነገሩን ወደ ሒሳብ ለወጠው፤ የቀዳዳዎቹን አማካይ በ38.26 ታባዛና ከ1931.85 ትቀንሳለህ። አማካዩ 7 ቢሆን 1664 ይመጣል። የሒሳብ ክፍል ጓደኞቻችን ይህ ቀመር የሚሠራው ስባሪው ብዙ ሲሆን ብቻ መሆኑን ሳንነግራቸው ይገምታሉ። ሸክላውም እንዲሁ ነው፤ ነጩ በጨው የተለበጠው ሸክላ ከ1720 ገደማ በፊት፣ የዌጅውድ ክሬም መልክ ያለው ሸክላ ከ1762 ገደማ በፊት ሊገኝ አይችልም። አንድ ገል ክሬም ሸክላ ከትሪፊድ ማንኪያ ጋር በአንድ ያልተነካ ንብርብር ከተገኘ፣ ማንኪያው የቱንም ያህል ቢያረጅ የተጣለው ከ1762 ወዲህ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር በጃማይካ አለ፤ ያም ጊዜ ጃማይካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ፖርት ሮያል የምትባለው ወደብ በጁን 7 ቀን 1692 በምድር መንቀጥቀጥ ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጠው ክፍልዋ ባሕር ውስጥ ሰጠመ፤ ወደ 2000 የሚሆን ሰው ወዲያው ሞተ። በ1959 ከባሕሩ በወጣ የኪስ ሰዓት ላይ በራጅ ሲታይ ጊዜው በእኛ አቈጣጠር ስድስት ሰዓት ሊሆን 17 ደቂቃ ሲቀረው ነበረ። ከ1981 እስከ 1990 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የተባለው ማለታችን ነው፣ ከጃማይካ መንግሥት ጋር ሆነው ቤቶቹን በውሃ ውስጥ ሲቈፍሩ ብዙ የፒውተር ሳህንና ማንኪያ አገኙ። ከማኅተሞቹ መካከል አናናስ የተሣለበት፣ የሳይመን ቤኒንግ ስም ፊደላት ያሉበት አለ፤ ቤኒንግ እዚያው ፖርት ሮያል የሚኖር ፒውተር ሠሪ ነበረ። በዚህ ስፍራ «እስከዚህ» ማለት ይቻላል። ከሰጠመው ቤት ወለል ላይ የተነሣ ማንኪያ ከ1692 ወዲህ ሊሠራ አይችልም። የሌሎቹን ስፍራዎች ግምት ለማረም እንደ ሚዛን ድንጋይ የሚያገለግለው ይህ ነው።

ከአፈር የወጣ ፒውተር ጠቍሮና እባጭ አውጥቶ ይገኛል። ይህን ብዙ ሰው የቆርቆሮ ደዌ ይለዋል። ንጹሕ ቆርቆሮ ከ13 ዲግሪ በታች ወደ ግራጫ ዱቄት ሊለወጥ መቻሉ እውነት ነው፤ በፒውተር ውስጥ ያሉት እርሳስ፣ አንቲሞኒና ቢስሙት ግን ያን ይከለክላሉ። የሚታየው እባጭ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ዝገት ነው። በአሸዋ ፈትጎ ማብረቅ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ማኅተሙ ያለው በዚያው ቀጭን ቆዳ ላይ ነው። ዛሬ በራጅ ጨረር ዕቃው ሳይነካ ቅይጡን ማወቅ ይቻላል፤ የዛገው ቆዳ ግን ከውስጡ የተለየ ስለሆነ ቍጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል።

አሁን ቅር የሚለንን ነገር እንናገር። በአሜሪካ ብዙ ሰው በብረት መፈለጊያ መሣሪያ በእሑድ ቀን እየዞረ እንዲህ ያለውን ማንኪያ ያወጣል። በ1979 በወጣው ሕግ ከማዕከላዊው መንግሥት መሬት ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣት ተከልክሏል፤ በግል መሬት ላይ ግን ባለ መሬቱ ከፈቀደ አብዛኛውን ጊዜ የሚያግድ የለም። ከመካከላችን «ባያወጡት በማረሻ ይሰበራል» ብሎ የተከራከረ ነበር፤ እውነትነት አለው። የሚያወጣው ሰው ግን ማንኪያውን ይዞ ሲሄድ ጋያውንና ገሉን ትቶ ይሄዳል። በእጁ የቀረው ቅርጽና ማኅተም ብቻ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ የሚያውቁትም «ከዚህ ወዲህ» የሚለውን ብቻ መሆኑን አይተናል።

በመጨረሻ ማን በምን ይበላ ነበር ወደሚለው እንመጣለን። በ1981 በታተመ ጥናት፣ በቨርጂኒያ ክሊፍትስ በሚባለው የእርሻ ይዞታ የተቀበሩ ሰዎች አጥንት ተመርምሮ ነበር። በባለ ይዞታዎቹ ቤተ ሰብ አጥንት ውስጥ ያለው እርሳስ ከሠራተኞቹ፣ አብዛኞቹም ከአፍሪካ በባርነት የመጡት ነበሩ፣ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። መርማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት ባለ ይዞታዎቹ እርሳስ ባለበት ፒውተርና እርሳስ በተቀባ ሸክላ ዘወትር ስለሚበሉና ስለሚጠጡ ነው የሚል ነው፤ ኮምጣጣ ምግብ እርሳሱን ያወጣዋል። በአንድ ግቢ የኖሩ ሁለት ወገኖች በገበታ ተለይተው እንደ ነበረ አጥንታቸው ተናገረ፤ ይህን ማንም በደብዳቤ አልጻፈውም።

ሆኖም ባሮቹ ከፒውተር ፈጽሞ የተለዩ አልነበሩም። በሜሪላንድ በአንድ የእርሻ ይዞታ፣ ባሮች ይኖሩበት በነበረው ስፍራ፣ በእጀታቸው ላይ በስለት የተቀረጸ የማዕዘንና የመስመር ጌጥ ያለባቸው የፒውተር ማንኪያዎች ተገኝተዋል። ማንኪያው የእንግሊዝ ነው፤ ቅርጹም ከእንግሊዝ ቅርጽ የፈሰሰ ነው። ቅርጻ ቅርጹን ግን ከቅርጽ አላገኘውም፤ አንድ ሰው ተቀምጦ በእጁ ሠርቶታል። ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ጌጥ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ባለቤቱ የራሱን ማንኪያ ከሌላው ለመለየት ያደረገው ምልክት ነው ይላሉ። እኛም ይህን ንግግር ስናሰናዳ በዚህ ነጥብ ላይ ለሁለት ተከፍለናል፤ እስከ ዛሬም አልታረቅንም። ስለዚህ ሁለቱም ወገን በጥያቄው ሰዓት ቃሉን እንዲሰጥ ተስማምተናል፤ ሊቀ መንበሩም ፈቅደውልናል።